«ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግከው»

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የድሮ ራዲዮ ፍቅር ይዞኛል። ያ ትልቁ፣ የእንጨቱ፣ ፊቱ ላይ የአውሮፓ ከተሞች ስም የተደረደረበት። እስካሁን ሦስት ገዝቻለሁ። አንዱ ግሩንዲግ ነው፣ ከፊቱ እንደ ፒያኖ ነጫጭ ቁልፎች አሉት። ሁለተኛው ትንሽዬ ፊሊፕስ ነው፣ አካሉ ቡናማ ባኬላይት፣ ያ የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ። ሦስተኛው የማን ሥራ እንደሆነም አይታወቅም፣ ሆዱ ተበርብሯል፣ አንድም ቲዩብ፣ ያቺ አምፖል መሳይ ብርጭቆ፣ የለውም። ግሩንዲጉን ሻጩ «ይሠራል» ስላለኝ ቤት አምጥቼ ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ እምምም አለ፣ ከዚያ የሚከረፋ ሽታ መጣና ነቀልኩት። አንድ ጠጋኝ ጋ ብወስደው «ቲዩቦቹ ተቃጥለዋል፣ መለዋወጫውም አገር ውስጥ የለም፣ ሆዱን አውጥተን ብሉቱዝ እንግጠምለት» አለኝ። ባለቤቴ በበኩሏ፣ የአራት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ቆሻሻ ትሰበስባለህ፣ ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግከው ብላ ተቆጥታለች። ምን ይመክሩኛል? ደግሞስ ቢሠራ ሸገርን ይይዛል?»
ራዲዮ ያሳበደው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ያን ግሩንዲግ ሳይጠገን ዳግመኛ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። «እስኪ አንዴ ብቻ ልሞክረው» የሚባል ነገርም የለም። ፊሊፕሱን ደግሞ ጭራሽ አትሰካው፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግርሃለሁ። ሽታው ሲመጣ ወዲያው መንቀልህ በጅቶሃል። ብዙ ሰው «አቧራው ነው የሚቃጠለው» እያለ ይጠብቃል፣ እዚያች ደቂቃ ላይ ነው ትራንስፎርመሩ የሚያልቅለት፣ ትራንስፎርመር ደግሞ እንደ ሌላው ዕቃ ሄደህ የምትገዛው አይደለም፣ ጠምጣሚ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ጠጋኙ ያለህን አልተቀበልኩትም። አታለለህ ማለቴ አይደለም። ምናልባት ሰውየው ያደገው በትራንዚስተርና በቴሌቪዥን ነው፣ ቲዩብ ራዲዮ ከፍቶ አያውቅ ይሆናል። ግን «ቲዩቦቹ ተቃጥለዋል» ቶሎ የምትመጣ መልስ ናት። ቲዩቧ ጎልታ ስለምትታይ፣ አምፖልም ስለምትመስል፣ እንደ አምፖል የምትቃጠል ይመስለዋል ሰው። እነዚህ ብርጭቆዎች ከ60 እና ከ70 ዓመት በኋላም አብዛኞቹ ደህና ሆነው ነው የሚገኙት።

ራስህ ማጣራት ትችላለህ። የቲዩቧን አናት ወይም ጎን እይ፤ ከውስጥ መስተዋት የመሰለ ብርማ ቅብ አለ። ቅቡ ብርማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ዱቄት ከመሰለ አየር ገብቶባታልና እሷስ አብቅቶላታል። ቀጥሎ ውስጧ የሚግለውን ክር በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለካ። ለምሳሌ ኢኤል 84 የምትባለውን የድምፅ ማጉያ ቲዩብ ነቅለህ እግሮቿን ወዳንተ አዙር፣ ሰፊ ክፍተት ካለበት ተነስተህ እንደ ሰዓት አዟዟር ቁጠር፣ 4ኛውና 5ኛው እግር መካከል ጥቂት ኦም ካገኘህ ክሯ አልተበጠሰም። በቃ። አምስት ስድስቱን ቲዩብ በሩብ ሰዓት ትጨርሳለህ። ስትነቅል ግን ብርጭቆውን ወዲያ ወዲህ አታወዛውዝ፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳብ። ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም በጣትህ አትሽ፣ ቀለሙ ተነስቶ ማንነቷ ይጠፋብሃል።

ታዲያ የሚበላሸው ምኑ ነው? ካፓሲተሩ። በዚያ ዘመን ካፓሲተር ማለት ስስ የብረት ቅጠልና ወረቀት አብሮ ተጠቅልሎ በሰም፣ በሬንጅ ወይም በፕላስቲክ የታሸገ ነው። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዕድሜ ሲጨምር ማገድ የነበረበትን ቀጥተኛ ከረንት ማሾለክ ይጀምራል። ጀርመን ሠራሽ ራዲዮ ውስጥ ቪማ የሚባለው ፋብሪካ የሠራቸው፣ «ትሮፒዱር» ተብሎ የተጻፈባቸው ካፓሲተሮች ያጋጥሙሃል፤ ስሙ የሐሩር አገር ሙቀት ይችላሉ የሚል ነው የሚመስለው፣ ዛሬ ግን ስትከፍት አካላቸው ተሰነጣጥቆ ታገኛቸዋለህ። ለስሙ አትዘን፣ ሁሉንም ቀይር።

ከሁሉም አንዷን ለይተህ እወቃት። ግሩንዲግህ ነጭ ቁልፍ ያለው ከሆነ በፈረንጅ የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው፣ ውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ኢሲሲ 85፣ ኢሲኤች 81፣ ኢኤፍ 89፣ ኢኤቢሲ 80 እና ኢኤል 84 ነው የምታገኘው። ከኢኤቢሲ 80 ወጥታ ወደ ኢኤል 84 ሁለተኛ እግር የምትሄድ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች፣ መጠኗ 10 ወይም 22 ናኖፋራድ አካባቢ። ሥራዋ ድምፁን አሳልፋ ከጀርባዋ ያለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ማገድ ነው። ሁለተኛው እግር ላይ ያለው ወንፊት መሳይ ሽቦ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው፣ በቲዩቧ ውስጥ የሚፈሰውን ከረንት የሚለቅና የሚይዝ። ካፓሲተሯ ማሾለክ ስትጀምር መክፈቻው ወለል ብሎ ይቀራል። ኢኤል 84 ከአቅሟ በላይ ትሠራለች፣ ውስጧ ያለው የብረት ሰሌዳ ፍም መስሎ ይቀላል፣ ከዚያ የድምፁ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥተኛ የሚያደርገው ሬክቲፋየር፣ ከዚያ ዋናው ትራንስፎርመር ወረፋቸውን ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ኪሳራ የሚመጣው ሻይ በማትገዛ ዕቃ ነው። ማሾለክ አለማሾለኳን በመልቲሜትር መለካት ይቻላል፣ ግን ራዲዮው በርቶ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክርም። አትለካት፣ ዝም ብለህ ቀይራት። 630 ቮልት የተጻፈባት የዘመኑ ፊልም ካፓሲተር ግዛ።

እምምም ያለው ግን ሌላ ነው። እሱ የኤሌክትሮላይቲኩ ነው፣ ያ ቆሞ የምታየው የአሉሚኒየም ጣሳ፣ ላዩ ላይ 50+50 ማይክሮፋራድ የሚል ወይም የሚቀራረብ ቁጥር ያለበት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደርቋል። ጣሳውን ለመልኩ እዚያው ተወው፣ ከሥሩ ያሉትን ሽቦዎች ለይተህ ሁለት አዳዲስ 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ከታች ደብቀህ ግጠም። አሉታዊና አዎንታዊውን እግር እንዳታዟዙር፣ ከተዟዟረ ይፈነዳል። «ትልቅ ቢሆን ይሻላል» ብለህም 220 ምናምን እንዳትገጥም፣ ሬክቲፋየሩን ታጨናንቀዋለህ። ከተጣለ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት ካፓሲተር ነቅለው የሚገጥሙ አሉ፣ ይሠራል፣ ግን ለአሮጌ ዕቃ አሮጌ ዕቃ መግጠም አልወድም።

ሽታውን በተመለከተ አንድ ልጠይቅህ። እንደ በሰበሰ ጎመን ነበር? ከሆነ ሴሌኒየም ሬክቲፋየሩ ነው፣ ከሻሲው፣ ማለትም ሁሉ ነገር ከታሰረበት የብረት ሰሌዳ፣ ላይ በብሎን የታሰረ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን። ጭሱ መርዛማ ነው፣ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዳይደገም። በዛሬ ሲሊከን ዳዮድ ይተካል፣ ግን ሲሊከን ቮልቴጁን ከቀድሞው ከፍ ስለሚያደርገው ከኋላው 100 ኦም አካባቢ የሆነ፣ 5 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይታከልበታል። ሽታው የሰም ወይም የቀለጠ ላስቲክ ከነበረ ግን ትራንስፎርመሩን ነው የማስበው፣ ያ መጥፎ ዜና ነው።

አሁን ወደ ፊሊፕሱ። ባኬላይት ትንንሾቹ ራዲዮዎች ብዙዎቹ ትራንስፎርመር የላቸውም። ዋጋ ለመቀነስና በቀጥተኛ ከረንትም እንዲሠሩ ተብሎ ከግድግዳው የሚመጣው መብራት በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሻሲው ከሁለቱ የሶኬት ገመዶች ከአንዱ ጋር ተያይዟል። እኛ አገር ሶኬቱን እንደፈለግን ገልብጠን ስለምንሰካው ብረቱ ላይ 220 ቮልት መኖር አለመኖሩ የዕጣ ጉዳይ ነው። ማዞሪያዋ ወልቃ ዘንጓ ከቀረች፣ ልጅህ በጣቷ ወይም በጣቱ የሚነካው እሱን ነው። ስለዚህ ባለቤትህ ልክ ናት። ይህን ደስ ቢልህም ባይልህም ተቀበል።

እንዴት ትለያለህ? ከጀርባ ከፍተህ የቲዩቦቹን የመጀመሪያ ፊደል አንብብ። በ«ኢ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ኢኤል፣ ኢኤፍ፣ ኢሲኤች፣ ክራቸው በ6.3 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ራዲዮው ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። በ«ዩ» ከጀመሩ፣ ዩሲኤች 81፣ ዩሲኤል 82፣ ዩዋይ 85፣ ያ የምነግርህ አደገኛው ዓይነት ነው፤ ክሮቹ ተያይዘው በተርታ ነው የሚግሉት። በ«ዲ» ከጀመሩ፣ ዲኤል 96 እና ዘመዶቿ፣ መብራት ላልደረሰበት ቦታ በባትሪ እንዲሠራ የተሠራ ነው፣ 90 ቮልት ባትሪ የሚፈልግ፣ እሱን ለጊዜው ተወው። የቲዩቡን ፊደል ካነበብክ በኋላም በዓይንህ ትራንስፎርመሩን ፈልግ፤ ፊደል ብቻ አይበቃም።

ደግሞ «ስታቢላይዘር ላይ ሰክቼው ነው የምሠራው» የሚል አለ። ቤት ያለው ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ከመስመሩ አይነጥልህም። በ«ዩ» የሚጀምር ራዲዮ ስታቢላይዘር ላይ ሆነም አልሆነም ያው ነው የሚይዝህ። አንተ ገና ጀማሪ ነህ፣ ፊሊፕሱን ገመዱን ቆርጠህ ከቁም ሳጥን አናት አስቀምጠው። ገመዱን ቁረጠው ያልኩህ እንግዳ መጥቶ «እስኪ እንየው» ብሎ እንዳይሰካው ነው።

ግሩንዲጉም ቢሆን ከ250 እስከ 300 ቮልት ውስጡ አለ፣ ከነቀልከውም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘው ይቆያሉ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ 10 ኪሎ ኦም የሆነ ወፍራም ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ጫፍ አድርገህ ከኤሌክትሮላይቲኩ አዎንታዊ እግር ወደ ሻሲው ለጥቂት ሰከንድ አገናኝ፣ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን አረጋግጥ። በካቻቢቴ ጫፍ ማገናኘት የለመዱ አሉ። ጧ ይላል፣ ካፓሲተሩንም ካቻቢቴውንም ይጎዳል። ራዲዮው በርቶ መለካት የግድ ከሆነ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ ጫማ አድርግ፣ ቤት ውስጥ ቆጣሪው የት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

መልሰህ ስታበራው በቀጥታ አትሰካው። መጀመሪያ ከጀርባ ያለችውን የቮልቴጅ መምረጫ እያት፣ 110፣ 125፣ 220 ምናምን የሚል ይኖራታል። 220 ላይ መሆኗን ተመልከት፣ 240 ካላት እና ሰፈርህ መብራቱ ከፍ የሚል ከሆነ 240 ላይ አድርጋት። ከዚያ የድሮው ክር ያለው አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከራዲዮው ገመድ በአንዱ ላይ በተርታ አስገባ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ ክር ያለው ነው የምልህ። ራዲዮውን ስታበራ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደብዘዝ ካለ ደህና ነው። በሙሉ ኃይሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ንቀልና ፈልግ። ጫናውን የሚሸከመው አምፖሉ ነው እንጂ ትራንስፎርመሩ አይሆንም። ድምፅ ወዲያው ካልመጣ አትደንግጥ፣ ቲዩብ እስኪግል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

እኔ እጅግ የሚያስፈራኝ ግን መብራቱ አይደለም፣ ካቻቢቴ የያዘ ጎበዝ ሰው ነው። ራዲዮው ውስጥ አሉሚኒየም ትናንሽ ሣጥኖች ታያለህ፣ አናታቸው ላይ ወይም ጎናቸው ላይ በላላ ሁኔታ የገባች ብሎን ያለባቸው። አትንካት! እነሱ ጣቢያ የሚለዩት ጥቅሎች ናቸው፣ ፋብሪካው በመሣሪያ አስተካክሎ በሰም አትሟቸዋል። «ብሎኑ ላልቶ ነበርና አጠበቅኩት» ብሎ የሚመጣ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ሁሉንም አጥብቆ፣ አንድም ሳያስቀር። ከዚያ ራዲዮው ድንጋይ ነው።

ለማጽዳት ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። የጣቢያ ስም የተጻፈበትን መስታወት ግን፣ ሂልቨርሰም፣ ሮማ፣ ቤሮሙንስተር የሚለውን፣ ከጀርባው በኩል በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነካው። ጽሑፉ ከኋላ ነው የታተመው፣ አልኮል አይደለም ውኃም ሊያነሳው ይችላል። ከፊት በኩል ብቻ ጥረግ። ቲዩብ ይገኛል፣ ካፓሲተር ይገኛል፣ ያ መስታወት ግን አይገኝም። የድምፅ ማጉያው ወረቀት ከተቀደደ በስስ የሻይ ማጣሪያ ወረቀትና ውኃ በገባበት ኮላ ለጥፈው። የእንጨቱን ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ቫርኒሽ መቀባት ለሚያምርህ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ራዲዮው ይሥራ። ሣጥኑ የተለበጠው በጣም በስስ እንጨት ነው፣ አንዴ ከተፈገፈገ በኋላ ወለሉ ይወጣል።

ሸገርን ይይዛል ወይ ላልከው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አገሮች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን ተከፋፈሉ። ጀርመን የተሸነፈች ናትና ድርሻዋ የቀለለ ሆነባት። ጀርመኖቹ ምን አማራጭ አላቸው፣ ወደ ኤፍኤም ሮጡ። በ1950ዎቹ ግሩንዲጎች ላይ «ዩ» የምትል የኤፍኤም ቁልፍ ያለችው ለዚህ ነው። ኤፍኤም አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። ስለዚህ የአንተ ራዲዮ ጣቢያው ሳይኖር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል ማለት ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። የዚያን ጊዜው የጀርመን ኤፍኤም ከ87.5 ጀምሮ እስከ 100 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው። ኋላ ነው እስከ 104 የተራዘመው። እንግዲህ ኤፍኤም አዲስ 97.1 ይይዝልሃል፣ ፋና 98.1 ይይዝልሃል፣ ሸገር 102.1 ግን ራዲዮህ የ1950ዎቹ ከሆነ ከመስታወቱ ዳር ወዲያ ነው። የ1960ዎቹ ከሆነ ዕድል አለህ። አንዳንዱ መስታወት ላይ በሜጋኸርትዝ ፈንታ የቻናል ቁጥር ነው የሚኖረው፣ እዚያ ላይ ፋና 37 አካባቢ ነው የሚገኘው። ሸገርን ለመያዝ ውስጡን ወደ ላይ የሚገፉ ሰዎች አሉ። እኔ አልደግፍም። ለሸገር ስልክህ አለ።

የአጭር ሞገዱን ቁልፍ፣ «ካ» የምትለዋን፣ ማታ ማታ ሞክራት። የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም. ስርጭት የጀመረው በአጭር ሞገድ ነበር፣ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮም ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1955 አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ነበር። እነዚህ ጣቢያዎች የሚሰሙት እንዲህ ባሉ ራዲዮዎች ነበር። ዛሬ ግን ጠላቱ ቤትህ ውስጥ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የቲቪው ሳጥን፣ ሁሉም ይንጫጫሉ። አንዴ አንዴ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋ አየሩ ጸጥ ይላል፣ ምን ዋጋ አለው፣ ራዲዮህም አብሮ ይጠፋል። ጥቂት ሜትር ሽቦ በመስኮት አውጣና አንቴና አድርገው፣ ቻርጀሮቹን ንቀል፣ ልዩነቱን ትሰማለህ።

ብሉቱዙን አልፈልገውም፣ ቅር አይበልህ። ሆዱን አውጥቶ ቻይና ሠራሽ ቦርድ መክተት የሬሳ ሣጥን መሥራት ነው። ግሩንዲግህ ከጀርባ «ቲኤ» ወይም የማጫወቻ ምልክት ያለበት መሰኪያ ካለው፣ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ይሰካበት የነበረው ነው፤ ስልክህን በገመድ እዚያ ላይ ታገናኛለህ፣ ሙዚቃው በኢኤል 84 ይወጣል፣ አንድም ብሎን ሳትፈታ። ይህን ግን ትራንስፎርመር ባለው ራዲዮ ላይ ብቻ ነው የምታደርገው። በ«ዩ» በሚጀምረው ፊሊፕስ ላይ ስልክህን ብታገናኝ ስልኩ እጅህ ላይ 220 ቮልት ነው።

«መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም» ስላለህ፣ ካፓሲተርና ሬዚስተሩ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡት ጋ አይጠፋም። ቲዩቡ እውነት ነው እዚህ ይከብዳል። ግን ኢኤል 84 ለጊታር ማጉያ ስለሚፈለግ ዛሬም አዲስ ይመረታል፣ ሌሎቹም በገፍ ተሠርተው ስለነበር ጀርመን አገር ከድሮ ዕቃ ሻጭ ይገኛሉ። እዚያ ዘመድ ያለህ ከሆነ ራዲዮ አምጣልኝ አትበለው፣ ከባድ ነው፣ ያስጠላሃል። ቲዩብ ግን ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ትመጣለች።

ወደ ሦስተኛው ራዲዮ ልምጣ፣ ቲዩብ የሌለው። አትናቀው። ግሩንዲግ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. ሥራውን ያስነሳው ቲዩብ የሌለው ራዲዮ በመሸጥ ነው፤ ሙሉ ራዲዮ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠየቅ ስለነበር፣ «ሄንዝልማን» ብሎ ሰው ራሱ የሚገጣጥመው ዕቃ አድርጎ ሸጠው፣ ቲዩቡን ገዢው ራሱ ፈልጎ ይሰካል። ያንተ ግን ለመለዋወጫ ይሁንህ። ማዞሪያ፣ ብሎን፣ የቲዩብ መቀመጫ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ያስፈልግሃል።

አራተኛ ግን አትግዛ። ከጥገናው ሁሉ የሚከብድህ ይሄ ነው የሚመስለኝ። ምናለሽ ተራ ሄደህ አንድ ጥግ ላይ ቴሌፉንከን ስታይ ልብህ ይሸፍታል። አንዱ ሳይሠራ ሌላ ከገዛህ ሰብሳቢ ሳይሆን ቆራሌው ነው የምትሆነው። አንዱ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ስትገዛ ግን እነዚህን እይ፤ መስታወቱ ያልተሰበረ፣ የጀርባ ሽፋኑ ያለ፣ ማዞሪያዎቹ የተሟሉ፣ ቲዩቦቹ ቦታቸው ላይ ያሉ፣ ትራንስፎርመሩ ያልጠቆረና ያልቀለጠ። ሻጩ «ሰክቼ ላሳይህ» ካለ እምቢ በለው። «ይሠራል» ለሚለው ቃሉም ጭማሪ አትክፈል፣ በማይሠራ ዋጋ ተከራከር። ለቆራሌው ስልክ ቁጥርህን ስጠው፣ የሚፈርስ ቤት ያለባቸውን ሰፈሮች እሱ ቀድሞ ነው የሚያውቃቸው። እና ሻጩ «አንቲክ ነው» ማለት ከጀመረ ተነስተህ ሂድ።

ባለቤትህን በተመለከተ ብዙ አልልህም፣ የሰው ትዳር ነው። ሦስቱን ከሳሎን አውጣ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥግ፣ የሚቆለፍ በር። የምግብ ጠረጴዛ ላይ በሊድ አትበይድ፣ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ የቆረጥካትን ሽቦ ልጁ ሳይለቅም አንተ ልቀም። ከዚያ ግሩንዲጉን ጨርሰህ የት ይቀመጥ ብለህ እሷን ጠይቃት፤ ምናልባት «የትም» ትላለች፣ የዚያን ጊዜ ስልክህን በገመድ አገናኝተህ እሷ የምትወደውን ዘፈን በ«ቲኤ» ልቀቅላት። ካልሆነ እኔ የለሁበትም።

ለሚቀጥለው ደብዳቤህ ሦስት ነገር ጽፈህ ላክልኝ፤ የግሩንዲጉን የቲዩቦች ቁጥር፣ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር፣ ሶኬቱ ከግድግዳ ተነቅሎ የራዲዮው ማብሪያ በርቶ ሳለ በሶኬቱ ሁለት እግሮች መካከል መልቲሜትሩ የሚያነበውን ኦም። ጥቂት አሥር ኦም ካነበበ የትራንስፎርመሩ የመግቢያ ጥቅል አልተበጠሰም። ምንም ካላነበበ መጀመሪያ ባልቦላውን እየው፣ ከጀርባ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ናት፣ ተቃጥላ ሊሆን ይችላል። በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልለህ እንዳትመልሳት ብቻ።